ጭቃ የሚፈራው የጭቃ ፈረሰኛ

ከካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር፣ መኪናው ከቆመ በአርባ አንደኛው ቀን ተጻፈ

ይድረስ፦ ለክቡር ሙዲር አብደልራሒም፣ «ፋሪስ አል-ወሐል» የተባለውን መኪና ለሚያስመጣና ለሚያከፋፍል ድርጅት የበላይ ኃላፊ፣ ካርቱም ባሕሪ

ግልባጭ፦ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ ላሉ የሀበሻ ምግብ ቤቶች ግድግዳ በሙሉ፤ ስልክ ላለው በስልኩ፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ ጎረቤታችን ሬሕማ ጮክ ብላ ታነብለታለች

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ራስዎን፣ ወገብዎን፣ ጉልበትዎን እንዴት ይዞዎታል? የልብዎ ትርታ እርስዎ ከሚሸጡት ሞተር የረዘመ ዕድሜ ይስጥዎ፤ ትንፋሽዎ ሜዳ ላይ አይቋረጥብዎ፤ የሰውነትዎ ሙቀት ከልኩ አይለፍ፤ ከቤትዎ በወጡ ቁጥር በገመድ ሳይጎተቱ ለመመለስ ያብቃዎ። እኛ በበኩላችን አልሃምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። ከቤታችን የታመመ ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከእርስዎ ዘንድ የመጣው ነው።

እኔ ጸሐፊው ሁዘይፋ እባላለሁ። እናቴ ዘሊካ የወሎ ሰው ናት፤ አባቴ፣ አላህ ይማረውና፣ የዚሁ የካርቱም ሰው ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ቤቱና እኔ በሰላም ተለያይተናል፤ በመለያየቱ ከኔ ይልቅ የተደሰተው ትምህርት ቤቱ ነው ይባላል። አማርኛን የተማርኩት ከእናቴ ቁጣ ስለሆነ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስድብ የሚመስል ነገር ቢገጥምዎ ስድብ አይደለም፤ ለዚያ ነገር ሌላ ቃል ሳላስተምርህ ቀረሁ ብላ እሷ ይቅርታ ትጠይቅዎታለች።

በዐረብኛ መጻፍ ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ካላክላ አዳራሽ መጥተው ሕዝቡን በአማርኛ ሲያነጋግሩ እኔ ከኋላ ቆሜ ነበርና ያሉትን አልረሳሁም። «እኔም እንደናንተ ከወሎ እናት የተወለድኩ ነኝ፤ የእናቴን ወገን አላታልልም» ብለው ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ። የኔ እናት አለቀሰች። በዚያው ሳምንት ከሰፈራችንና ከጀሪፍ ሰፈር ሰዎች አሥራ አንድ ፋሪስ ተገዛ። በአማርኛ የተሸጠ መኪና በዐረብኛ ቢወቀስ ደግ አይደለም ብዬ፣ እንደምንም እያልኩ በእናትዎ ቋንቋ መጣሁልዎ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ስል አጎቴ ጃፋር ማን እንደሆነ ላስረዳ። ጃፋር የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከካርቱም ገዳሪፍ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሯል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እንኳን ሰው፣ ዶሮ አልገጨም፤ የገጨው ነገር ቢኖር የራሱን ግንባር ነው፣ እሱንም ኮፈን ሊዘጋ ሲል። ምኞቱ አንድ ነበር፤ የራሱ በሆነ መኪና የራሱን ሥራ መሥራት። ኸሪፍ ሲገባ፣ ማለትም የዝናቡ ወራት ሲመጣ፣ ወደ ገጠር የሚወስደው መንገድ ጭቃ ይሆንና ሀፍላው፣ ማለትም አውቶቡሱ፣ ሁሉ ይቆማል። በዚያን ጊዜ መድኃኒት ወደ ገጠር የሚያደርስ አንድ የእርዳታ ድርጅት መኪና ከነሹፌሩ ይቀጥራል። ድርጅቱ ለዘንድሮ ጃፋርን መርጦት ነበር። የጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንደኛው ጭቃ የሚያልፍ መኪና፣ ሁለተኛው ሹፌሩ በአነዳዱ ነቀፋ የሌለበት መሆኑን የሚያሳይ ንጹሕ ወረቀት። ጃፋር ሁለተኛው ነበረው። ለመጀመሪያው ሲል ወደ እርስዎ መጣ። ክቡርነትዎ የመጀመሪያውን ሊሰጡት ሲሉ ሁለቱንም እንዴት አድርገው እንደወሰዱበት ከዚህ በታች በተራ ቁጥር ዘርዝሬያለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሞተሩ። ፋሪሱ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ኪሎ ሜትር እንደሄደ ቆመ። የቆመው ጭቃ ላይ አይደለም፤ አሸዋ ላይም አይደለም፤ ዳገት ደግሞ ካርቱም ውስጥ ከየት ይመጣል። የቆመው በዓርብ ቀን፣ እንደ ጠረጴዛ በተዘረጋ አስፋልት ላይ፣ እናቴንና ሦስት ጓደኞቿን ወደ ጀሪፍ ሠርግ ሲወስድ ነው። ከፊት ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። እናቴ የሽቶዋን ጠርሙስ እየከደነች «ጃፋር፣ ሰው እያንኳኳ ነው መሰለኝ፣ ክፈትለት እንጂ» አለችው። ጃፋር መንገድ ዳር አቁሞ ወረደ፤ ኮፈኑን ሲከፍተው ሰማያዊ ጭስ ወጥቶ ከሴቶቹ ሽቶ ጋር ተቀላቀለ። ሠርገኞቹ በሁለት ሪክሻ፣ ማለትም በባጃጅ፣ ተጠቅጥቀው ሄዱ። ሙሽራዋ እስከ ዛሬ ድረስ ዘመዶቿ ለምን የናፍጣ ሽታ ይዘው እንደመጡ ትጠይቃለች።

አጎቴ መኪና የሚመረምርበት መንገድ እንደ እርስዎ ሙሀንዲሶች በኮምፒውተር አይደለም። ረጅሙን ካቻቢቴ ያወጣል፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ ይተክላል፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ልክ ሐኪም የሕፃን ደረት እንደሚያዳምጥ ማለት ነው። ያን ቀን «አስነሣው» አለኝ፤ አስነሣሁት። ጥቂት አዳመጠና «አጥፋው፣ ይብቃው፣ ዘይቱ ወደ ላይ አይደርስም፤ ደረቁን ነው የሚፈጨው» አለ። ከዚያም በእግሩ ካላክላንና ጀሪፍን ዞሮ የቀሩትን ባለመኪኖች ጠየቀ። ከአሥራ አንዱ ፋሪስ ሰባቱ ቆመዋል። ሁሉም ሦስት ሺህ ሳይደርሱ፣ ሁሉም ኳ ኳ ብለው፣ ሁሉም ዘይታቸው ውስጥ የብረት ፍቅፋቂ ይዘው። ሰባት ሰዎች ተነጋግረው መኪና ሊያቆሙ አይችሉም፤ ሰባት ሞተሮች ግን እርስዎ ዘንድ ሳሉ የተነጋገሩት ነገር ሳይኖር አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ስለ መመሪያ መጽሐፉ። በተፈጥሮዬ መጽሐፍ አልወድም፣ ይኼንን ግን ወድጄው ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ መኪናው «ከብርቱ ሙቀት፣ ከአቧራ፣ ከአሸዋና ከጭቃ ይጠበቅ» ይላል። ክቡር ሆይ፣ የመኪናው ስም ፋሪስ አል-ወሐል፣ የጭቃ ፈረሰኛ ነው። ጭቃ የሚፈራ የጭቃ ፈረሰኛ፣ አቧራ የሚጠላ የበረሃ መኪና፣ ሙቀት የማይስማማው የካርቱም ነዋሪ እንዴት አድርገው አገኙልን? እኔ ገጹን ካነበብኩ በኋላ መኪናውን ወደ ሳሎን ላስገባው ፈልጌ ነበር፤ በሩ ጠበበን።

ሦስተኛ፣ ስለ ስልክዎ። ለባለመኪኖች በተሰጠው ቁጥር አሥራ ሰባት ጊዜ ደውያለሁ። በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሰው ዑድ እየመታ ይዘፍንልኛል፤ እጁን አላህ ይባርከው፣ አሁን ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር አውቀዋለሁ። በአሥራ ስምንተኛው ጊዜ ግን፣ ከባሕር ማዶ የመጣሁ ነጋዴ ነኝ፣ አርባ መኪና ባንድ ጊዜ መግዛት እፈልጋለሁ ብዬ ለሽያጭ ክፍል ደወልኩ። ሁለት ጊዜ እንኳ ሳይጠራ ተነሣ። ሻይ ልንልክልዎ እንችላለን ተባልኩ፤ ሻይ በስልክ እንዴት እንደሚላክ እስካሁን እያሰብኩ ነው። ያነሣችው ወይዘሪት ረባብ ትባላለች፤ ድርጅትዎ ካሉት ነገሮች ሁሉ በትክክል የምትሠራው እሷ ናት። ድምፄን ሰምታ ሳቀችና «አንተ የዘሊካ ልጅ ነህ አይደል? አርባውን ተወውና ለአንዱ ሙሀንዲስ እልክልሃለሁ» አለችኝ። ቃሏንም ጠበቀች። ይህን የጻፍኩት ደመወዝ እንዲጨምሩላት ነው፤ ቢቀጧት ግን ነገ ደግሞ ሰማንያ መኪና የሚገዛ ሰው ይደውልልዎታል።

አራተኛውን ቅሬታ ለእናቴ ሳነብላት «ይኼንን ካስገባህ ልጄ አይደለህም» ስላለችኝ ትቼዋለሁ። የሚወዷት እናት ካለችዎ እሷን ጠይቀው ሊገምቱት ይችላሉ።

አምስተኛ፣ ስለ በጉ። ረባብ የላከችልን ሙሀንዲስ ሙአየድ ይባላል፤ ነጭ ጓንት ያደረገ፣ ጥሩ ሽታ ያለው ወጣት ነው። መጀመሪያ «ሞተሩ ገና አገር አልለመደም» አለን። እናቴ ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ኖራ እንዳልለመደች ብትነግረው ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ሰካ፣ ነቀለ፣ እንደገና ሰካ። ከዚያ ኮፈኑ ላይ ያለውን የደረቀ ደም አየና ፊቱ በራ፤ ዕቃ ጠፍቶበት ያገኘ ሰው ይመስል ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ የድርጅትዎ ማኅተም ያለበት ወረቀት መጣልን። «በሞተሩ ክዳን ላይ የእንስሳ ደም፣ ማለትም ባዕድ ፈሳሽ፣ በመገኘቱ ዋስትናው ተቋርጧል» ይላል።

የዚህን አገር ልማድ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፤ እዚህ አዲስ መኪና ሲገዛ ከራማ ይደረጋል። በግ ይታረዳል፣ ባለቤቱ መዳፉን ደሙ ውስጥ ነክሮ ኮፈኑ ላይ ያትማል፤ ከሰው ዓይን ይጠብቃል ተብሎ ነው። የኛ ሴቶች ደግሞ በወሎ ወግ ዱዓ ጨመሩበት። ደሙ ያረፈው በውጭ በኩል፣ በቀለሙ ላይ ነው፤ ሞተሩ ከሥር ነው። የበጉ ደም ቀለሙን አልፎ፣ ብረቱን አልፎ፣ ፒስተኑ ድረስ ገብቶ ከሆነ፣ ያ በግ ከመኪናው የበለጠ ጉልበት ነበረውና ባናርደው ይሻለን ነበር፤ ጃፋር እሱኑ ጭኖ መድኃኒቱን ያደርስ ነበር።

ይሁን፣ ደሙ ነው እንበል። ችግሩ ኮፈኑ ላይ የታተመው መዳፍ አንድ አለመሆኑ ነው። ሁለት ነው። በግራ በኩል ያለው የጃፋር ነው፤ አውራ ጣቱ ላይ የቆየ ጠባሳ ስላለው ይታወቃል። በቀኝ በኩል ያለው ለስላሳ፣ ወፈር ያለ፣ ቀለበት ያደረገ መዳፍ ነው። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ነዎት። መኪናውን ሊያስረክቡን ፎቶ አንሺ ይዘው የመጡ ቀን እጅጌዎን ሰብስበው፣ «ቢስሚላህ» ብለው ነክረው ያተሙት እርስዎ ነዎት። ጉበቱ ሲጠበስም ቀድመው የቀመሱት እርስዎ ነዎት፤ ጨው ያንሰዋል ብለው ሬሕማን የላኳትም እርስዎ ነዎት። ፎቶው አሁንም በድርጅትዎ ገጽ ላይ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ወዶት ተቀምጧል። አንዱ እኔ ነኝ፤ አልነሣውም። እንግዲህ ባዕድ ፈሳሹ ግማሹ በእርስዎ እጅ የገባ ስለሆነ፣ ቢያንስ የሞተሩን ግማሽ ይለውጡልናል ብለን ጠብቀን ነበር።

ስድስተኛ። እስካሁን የቀለድኩት ለዚህ ጉልበት እንዲኖረኝ ነው። ከደሙ ዓረፍተ ነገር በታች ሙአየድ አንዲት አጭር መስመር ጨምሯል። «በተጨማሪም የሹፌሩ የአነዳድ ጉድለት ታይቷል» ትላለች። ሙአየድ ጃፋር ሲነዳ አላየም። መኪናው ቆሞ ነው ያገኘው፤ ጃፋርም አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ቆሞ የሚያጠፋ ሹፌር በዓለም ላይ የመጀመሪያው የኔ አጎት ሳይሆን አይቀርም።

ወረቀቱ ወደ እርዳታ ድርጅቱ ሄደ፤ ሕጋቸው ስለሆነ የመኪናውን ወረቀት ሁሉ ይጠይቃሉ። እነሱም «መኪናው ቢቆም ሌላ ይገኛል፣ ይቺ መስመር ካልተሰረዘች ግን አንቀጥርህም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ እንጠብቅሃለን» አሉት። ሱቅ ዐረቢ መናኸሪያ ላይ ያሉት ሹፌሮች ነገሩን ሰምተው፣ እነሱም ደግሞ ለጨዋታ ማን ብሏቸው፣ ጃፋር ሲያልፍ እግረኛ ሁሉ ዳር ይያዝ እያሉ ይጮኹበት ጀመር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እሱ ራሱ ይስቅ ነበር። አሁን ግን መናኸሪያ መሄድ ተወ። ጠዋት ተነሥቶ የማይሄደውን መኪና ያጥባል፤ ሲጨርስ መሪው ኋላ ይቀመጣል፤ በመስታወቱ ያያል፤ ይወርዳል። እኔ በቤቱ ውስጥ ያላሾፍኩበት ሰው የለም፣ በዚህ ግን መሳቂያ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ለዚህም በተለየ ሁኔታ ተቀይሜዎታለሁ፤ ሥራ አስፈቱኝ እኮ።

አሁን ወደ ምስጋናው ልለፍ፤ ሰው ሲወቅስ ብቻ ደስ አይልም።

በመጀመሪያ ስለ ባትሪው አመሰግናለሁ። መብራት በጠፋባቸው በነዚያ ስድስት ቀናት ሰፈሩ ሁሉ ስልኩን ከፋሪሱ ሞልቷል። ቆሞ እንደዚህ ያገለገለ መኪና በካላክላ ታይቶ አይታወቅም። ሬዲዮውም ኩልል ያለ ነው። መኪና ከማለት ይልቅ ጎማ ያለው ሬዲዮ ብለው ቢሸጡት ኖሮ አንድም ሰው አይወቅስዎትም ነበር።

ዋናው ምስጋናዬ ግን ከአሥራ አንድ ቀን በፊት በድልድዩ ላይ ስላደረጉልን ነገር ነው። ያደረጉትን ብዙ የሚያስታውሱት ስለማይመስለኝ እኔ ላስታውስዎ።

እሑድ ጠዋት ነበር። መስመሯ እንድትሰረዝ ልንለምን ፋሪሱን እየጎተትን ወደ እርስዎ መምጣት ጀመርን። የሚጎትተን የአጎቴ ጓደኛ ንጋቱ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሞላት አሮጌ ቦክስ አለው፤ እኛ እዚህ ጭነት የምታነሣዋን ትንሿን መኪና ቦክስ ነው የምንላት። የቦክሷ አንዱ በር በሽቦ የታሰረ ነው፣ ሞተሯ ግን ምንም ነገር ገጥሟት አያውቅም። ጃፋር የፋሪሱን መሪ ያዘ፤ እኔ ቦክሷ ላይ ቆሜ በእጄ ምልክት እሰጣለሁ። ወደ ባሕሪ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ስንደርስ መኪናው ሁሉ ቆሟል፤ ጥሩምባው ጆሮ ያደነቁራል። ወርጄ ወደፊት ሄድኩ። ድልድዩን የዘጋው አንድ አዲስ፣ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ፋሪስ ነው። ኮፈኑ ተከፍቶ ይጨሳል። አጠገቡ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ፣ ላብ ያጠመቃቸው ትልቅ ሰው ቆመዋል። አሰላሙ ዓለይኩም፣ ክቡር ሙዲር።

የሙሩሩ ሰው፣ ማለትም የትራፊክ ፖሊሱ፣ ወረቀቱን አውጥቶ በቸልተኝነት ድልድይ የዘጋ ሹፌር ብሎ ሊጽፍብዎት እስክሪብቶውን ሲያነሣ ደረስኩ። ሥራዎን ጠየቀዎት፤ «የዚህ መኪና አስመጪ ድርጅት ሙዲር ነኝ» ብለው በኩራት መለሱ፤ ጻፈው። ቀጥሎ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጠየቀዎት። የመለሱለትን ቃል በቃል ነው የማመጣው፤ ቋንቋውን ብቻ ቀይሬዋለሁ። «ወላሂ እኔ ምንም አላጠፋሁም፤ ሞተሩ በራሱ ነው የቆመው፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርጉት» አሉት። ፖሊሱ ይህንንም ጻፈ። ግን አላመነዎትም፤ መኪና የሚያውቅ ምስክር ካላመጡ እንደሚቀጣዎት ነገረዎት።

በዚህ ጊዜ ጃፋር ከኋላዬ መጥቶ ቆሞ ኖሯል። ክቡር ሆይ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። አጎቴን በክርኔ ጎሸም አድርጌ ዝም እንዲል በዓይኔ ለመንኩት። ከላይ የተላከልን ነው፣ አስቀጣው፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ይጻፍበት፣ ይቅመሳት ማለቴ ነበር። እሱ ግን ካቻቢቴውን አወጣ፣ አንድ ጊዜ ያስነሡት አለዎት፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። ሞተሩ ሦስት ጊዜ ሳል ሳል ብሎ ጠፋ። ጃፋር ቀና አለና ለፖሊሱ «ሰውየው እውነቱን ነው። ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ ሞተሩ ዘይት አይደርሰውም» አለው። ምስክር በሚለው ቦታ ላይም ፈረመ። እርስዎ ማን እንደሆነ ያወቁት ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ ዓይንዎ ወደ ወንዙ ሄደ፣ እዚያው ቆየ።

የቀረውን ያውቁታል። የንጋቱ ቦክስ ሁለት መጎተት ስለማትችል የኛን ፋሪስ ድልድዩ ግርጌ ትተን የእርስዎን እስከ ድርጅትዎ በር ጎተትንልዎ። ውሃ አጠጡን፤ ቀዝቃዛ ነበር፣ አላህ ይስጥልን። «ነገ ኑና እንነጋገራለን» ብለው ወደ ላይ ወጡ። በነገታው መጣን፤ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሣልስቱም መጣን፤ ስብሰባው ቀጥሏል። ዛሬ አሥራ አንደኛው ቀን ነው። አላህ ሰብሳቢዎቹን ያበርታ።

ያን ቀን ስንመለስ አጎቴን ለምን መሰከርክለት ብዬ ጨቀጨቅሁት። ቦክሷ ካላክላ ልትገባ ስትል «እኔ ላይ የተሠራውን በሌላ ሰው ላይ ብሠራ ምኑን ይዤ ነው የምከሰው?» አለኝ።

እንግዲህ ከክቡርነትዎ የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው በዋስትናው መሠረት ለሰባቱም መኪኖች ዘይት የሚጠጣ ሞተር እንዲገባልን ነው። ሁለተኛው ያቺ መስመር ተሰርዛ፣ ጃፋር በአነዳዱ ጥፋት እንደሌለበት በድርጅትዎ ወረቀትና ማኅተም እንዲጻፍለት ነው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማድረግ ካስቸገረዎ ሞተሩ ይቆይ፤ እኛ መቆምን ከፋሪስ ተምረናል። መስመሯን ግን አያቆዩብን፤ ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ነው የቀረው። የሚጽፉት ቃል ከጠፋዎ፣ ድልድዩ ላይ ስለራስዎ የተናገሩትን ስለሱ ቢጽፉ ይበቃናል።

ትሕትናዬን ከዚህ በላይ ማሳየት ባለመቻሌ እያዘንኩ፣ ለድርጅትዎ ብልጽግናን፣ ለሙሀንዲስ ሙአየድ አዲስ ጓንት፣ ለስብሰባዎችዎ ፍጻሜን ተመኝቼ እሰናበታለሁ፤

ክብርዎን ከሩቅ የማደንቅ፣ ከቅርብም የጎተትኩ፣

ሁዘይፋ የዘሊካ ልጅ፣
የጃፋር እህት ልጅ፣ የንጋቱ ቦክስ ምልክት ሰጪ

ይድረስ ብዬ ከፈረምኩ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን በጻፍኩ በማግስቱ፣ ለአጎቴ ሳልነግረው፣ ወደ እርዳታ ድርጅቱ ሄድኩ። ድልድዩ ላይ የሙሩሩን ሰው ለማስታወሻ ብዬ አስፈቅጄ ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንሥቼው ነበርና እሱን ለኃላፊዋ ለወይዘሮ ረዋን አሳየኋት። አንድ ጊዜ አነበበች፤ መነጽሯን አድርጋ ደግማ አነበበች። «ይኼ መሐላ የሙዲሩ የራሱ ነው?» አለችኝ፤ ሥራ በሚለው ቦታ የተጻፈውን አሳየኋት። ምስክር ሆኖ የፈረመው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «እንግዲያው መስመሯን ሙዲሩ ራሱ ሰርዟታል» ብላ፣ ጃፋር ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ በድርጅቱ በራሱ መኪና ሥራ እንዲጀምር ጻፈችለት። ስለዚህ መስመሯን ለመሰረዝ አይቸኩሉ፤ ስብሰባዎን በሰፊው ይጨርሱ። ሞተሮቹን ግን ሰባታችንም እየጠበቅን ነው።

ስወጣ ረዋን ከመሳቢያዋ ሌላ ወረቀት አወጣች። ድርጅቱ ለኸሪፍ ስድስት ፋሪስ ከእርስዎ ሊገዛ ያዘጋጀው ውል ነው፤ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሊፈረም ነበር አሉ። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርጉት» የሚለውን ቃልዎን በእስክሪብቶ ከላዩ ላይ ገልብጣ ጻፈችና ወረቀቱን ሳይፈረም ወደ መሳቢያው መለሰችው። ወላሂ፣ ክቡር ሙዲር፣ እኔ ስለ መኪናዎ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፤ ሁሉንም የተናገሩት እርስዎ ነዎት።